ስድስተኛው አጀንዳ

ሐምሌ 9

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የውሃ ቦቴው ሾፌር ራሱ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ጫፉን ናፍጣ ነክቶታል እንጂ ሁሉም ይነበባል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ እሱንም ሰሚ ስላጣ ትቶታል። ጋሼህም ደህና ነው። የምክር ቤት አባል ከሆንኩ ወዲህ የአናጢነት ሥራዬ ቀዘቀዘ እያለ እኔን ሚስቱን ያማርራል። እኔ ግን ጠዋት ማታ ከግቢው ሰጋቱራ ስጠርግ ነው የምውለው፤ እንዴት እንደቀዘቀዘ እንጃ።

አዎ፣ አሁንም እዚያው ጥግ ነው የምቀመጠው። ከሰብሳቢው በስተግራ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። አንድም ቀን አስተያየት ሰጥተሽ አታውቂም ወይ ያልከው አሳቀኝ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኮ ድምፅ የላትም። ሰው ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ በቃ።

ያለፈው ሳምንት ስብሰባ እንደምታውቀው ነው። አንደኛው አጀንዳ የገበያው መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ማን ጋር ይቀመጥ የሚል ነበር። “አቶ ሥነ ሥርዓት” አሁንም እጁን ሳያወጣ “ሥነ ሥርዓት!” እያለ ይጮሃል፤ እሱን ሥነ ሥርዓት የሚያስይዘው ግን አልተገኘም። ቁልፉ ሁለት ሰዓት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ ተባለና ሁሉም ትልቅ ነገር እንደወሰነ ሰው ወንበሩን ደገፍ አለ። ከዚያ የባዘኑ ውሾች፣ ከዚያ አዳራሹ ፊት ያለው ዛፍ፤ ብርሃን ከለከለ የሚሉ አሉ፣ ጥላ ሰጠን የሚሉ አሉ።

ስለ ተንጠልጣዩ የእግረኛ ድልድይ ጠይቀሃል። ስድስተኛ አጀንዳ ነበር። ተላለፈ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስንት ጊዜ ተላለፈ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ቃሉን እጄ ሳላስበው ይጽፈዋል። ወንዙ ሞልቷል፣ መልኩም ጭቃ ሆኗል። ሰው ግን ያው እየተሻገረ ነው፤ በመኪናው ድልድይ ልዙር ካለ ሰዓት ተኩል ነው፣ ማን ይዞራል?

አዋላጇን አግኝቻት ነበር። ከወዲያ ማዶ ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ። “ለዚያ ሦስት እግሩን ተሸክሞ ለሚዞር ሰውዬ ሰላምታ በይልኝ” አለችኝ። የቀያሽ መሣሪያህን ማለቷ ነው። ደግሞ አንዴ ሄድ ብላ ተመለሰችና “አላገባም አይደል?” አለች፣ እንደ ቀልድ አስመስላ። እኔም እንደ ቀልድ ዝም አልኳት። እናቶቹን ለማን ጥዬ ብላህ የቀረችውን አልረሳሁም። አንተም እንዳልረሳህ ከጥያቄህ ብዛት ገባኝ።

ሻሽህን ፊትህ ላይ እሰር፤ አቧራው ሳንባህን እንዳይበላው።

እህትህ


ነሐሴ 3

ለወንድሜ፣

መልስ ስለዘገየብህ አትቀየመኝ። ሥራ በዝቶብን ነበር።

ሐምሌ 24 ድልድዩ ተበጥሷል። የሰማኸው ነገር ካለ እውነት ነው። አንድ ሰው አልፏል። ጋሼህ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። በሁለቱም ዳር ፖሊስ ገመድ አስሯል። ከላይ አጣሪ ኮሚቴ መጥቶ አዳራሹን ይዟል። ስለዚህ እኛ የምንሰበሰበው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ወንበር ስለማይበቃ ግማሾቹ በጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ። ትናንት ሦስት አጀንዳ አየን። ውሾቹ ገና አልተወሰነላቸውም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምና ስለ ድልድዩ የጻፍከው ሪፖርት ማህተም ያረፈበት ቅጂ አንተ ጋ አለ? ለፋይል ነው።

ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ


ነሐሴ 17

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ያለሁበት ካምፕ ነፋስ ከጀመረው ዘጠኝ ቀኑ ነው። መሣሪያዬን ተክዬ ስመለከት ሩቅ የቆመው ሠራተኛ እንደ ጭስ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ልኬቱ ቆሟል። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ደብዳቤሽን አነባለሁ። አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ እንደገና እጀምረዋለሁ።

“አንድ ሰው አልፏል” ብለሽ ጻፍሽ። እትዬ፣ አንቺ ስብሰባ ላይ አስር ደቂቃ ያረፈደውን ከነደቂቃው የምትጽፊ ሰው ነሽ። “አቶ ሥነ ሥርዓት” አዛግቶ እንኳ ጽፈሽበታል። ይህ አንድ ሰው ማነው? ሥራ የለውም? ቤት የለውም? በዚያ ድልድይ በየቀኑ የሚሻገረውን ሰው ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ አቆምኩ። የቦቴው ሾፌር አንድ ነገር ሊነግረኝ አፉን ከፈተና “እህትህ ሳትጽፍልህ አትቀርም” ብሎ ሄደ። ከሾፌር አፍ አታሰሚኝ።

ቅጂ የለኝም። ያለችው አንዲት ቅጂ ነበረች፣ እሷን በእጅሽ ሰጥቼሻለሁ። “ደርሷል” ብለሽ ማህተም መትተሽ ሳቅሽብኝ፤ አስራ አንድ ገጽ ለአንድ ድልድይ ብለሽ። ቅጂውን ለምን ጠየቅሽኝ?

ጋሼን ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 28

ለወንድሜ፣

እሷ ናት።

እንዲህ አድርጌ ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር። ሌላ አጻጻፍ ስፈልግ ነው ይህ ሁሉ ቀን የሄደው። ለሾፌሩ “እኔ እጽፍለታለሁ፣ አንተ እንዳትነግረው” ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አትቀየመው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከማዶ አንድ ሰውዬ ሚስቴ ምጥ ይዟታል ብሎ መጣ። ቦርሳዋን ይዛ ተከተለችው። ሰውዬው ከፊት ነበር፣ ተሻገረ። እሷ መሃል ላይ ስትደርስ በእኛ ዳር ያለው ብረት ተነቀለ። ሰውዬው ዞር ሲል ድልድዩ የለም። በሦስተኛው ቀን አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ወደታች አገኟት። ሕፃኗ ተወልዳለች። የጎረቤት ሴቶች ተረዳድተው አዋለዷት፤ እናትየውም ደህና ናት። ብትጠይቅ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ እሷ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነበር።

ሬሳ ሣጥኑን የሠራው ጋሼህ ነው። ማንም አልጠየቀውም። ሁለት ቀን ሙሉ ከመጋዙ ሌላ ድምፅ ከግቢው አልወጣም። ምሳ ይዤለት ስሄድ ቀና ብሎ አያየኝም።

አለቀስሽ ወይ ትለኝ ይሆናል። አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይ ጥግ ይዤ ቆሜ የመጣውን ሰው ቆጠርኩ። ሦስት መቶ ስልሳ ገደማ ነው። ግማሾቹን ያዋለደቻቸው እሷ ናት። ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም። እንባው የት እንደሄደ እንጃ፤ ሰውነቴ የሌላ ሰው ሰውነት ነው የመሰለኝ።

ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ቅጂው ሌላ ጊዜ።

እህትህ


ጥቅምት 6

እትዬ፣

መልስ ያልጻፍኩት ታምሜ አይደለም። በሾፌሩ በኩል ላስጠየቅሽው መልሱ ይህ ነው። ሥራ አልቀረሁም፣ እህልም አልተውኩም። ጠዋት እነሳለሁ፣ መሣሪያውን ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ። አለቃዬ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው ይላል። ያም ገርሞኛል።

እሷ ከመሄዴ በፊት ያለችኝን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለአንቺም አልነግርሽም። ሆድ ይፍጀው።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ከአጣሪ ኮሚቴው ደብዳቤ ደርሶኛል። መልስ ስጥ ይላል። “በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ እንደተመዘገበው፣ ቀያሹ ያቀረበው ሪፖርት ያልተሟላ በመሆኑ እንዲያስተካክል ተመልሶለት፣ ሳያስተካክል ከተማውን ለቆ ሄዷል” ይላል። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። እሷን የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሪፖርቱ ወደ እኔ ተመልሶ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።

ቃለ ጉባኤውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ በዚያች ከተማ ሌላ የሚጽፍ የለም። እና ይህንን ማነው የጻፈው? ያን ቀን ድልድዩን ይተላለፍ ያለውስ ማነው? ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ወንድሜ፣

የጠየቅከኝን በተራ እመልሳለሁ። ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አላውቅም።

ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ 1 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሰብሳቢው ቢሮ። በሩን ዘጋና የካቻምናውን መዝገብ ከፈተልኝ። “እዚህ ጋ ‘ሪፖርቱ ቀርቧል፣ ለሚቀጥለው ተላልፏል’ ይላል። ይህ ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል” አለኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ቃል በቃል ነገረኝ። ስምህን ሲያነሳ ብዕሬ ቆመ።

“ወንድምሽ ሩቅ ነው” አለኝ። “ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። በረሃ ላይ ለተቀመጠ ሰው ማስጠንቀቂያ ምኑ ነው? ባልሽ ግን እዚሁ ነው። ከአንቺ ጋር አንድ ማዕድ የሚቀርበው ማነው?”

ጻፍኩት።  አሮጌውን ገጽ ቀዶ ኪሱ ከተተ፣ አዲሱን እኔ ራሴ በክር ሰፋሁት። ቅጂ አለህ ወይ ብዬ የጠየቅኩህም ጠይቂው ስላለኝ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ “ለፋይል ነው” አልኩህ።

አሁን ሁለተኛው። ካቻምና ሰኔ 11 ነው። አምስተኛው አጀንዳ የአዳራሹ ወንበሮች ቀለም ነበር፣ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰብሳቢው ሪፖርትህን በእጁ መዘነና “አስራ አንድ ገጽ ነው። እናንብብ ወይስ ምሳ እንብላ?” አለ። አንድ ሁለት ሰው ቢያንስ መደምደሚያው ይነበብ አሉ። ያኔ ጋሼህ ተናገረ።

“እንጨት ከሆነ እኔን ጠይቁኝ። ያ ጣውላ ገና ሁለት ክረምት ይሸከማል። የሚስቴ ወንድም ዓለምን በመነጽር እያየ ስላደገ ሁሉም ነገር ያጋደለ ይመስለዋል።”

ሳቁ። ይተላለፍ ተባለ። ምሳ ሄድን።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን ለአንተ መንገር የለብኝም። ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ። ሁሉም ያመኑት ሙያውን ስለሚያውቁ ነው። ጣውላውም እኮ እንዳለው ነበር። ጣውላው አልተሰበረም። አንተ የጻፍከው ስለ እንጨቱ አልነበረም፤ ከዳር የተቀበሩት ብረቶች ከሥር በዝገት ተበልተዋል፣ ድልድዩ ዛሬ ነገ ሳይባል ይዘጋ ብለህ ነው። ይህንን የሚያውቀው ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

እኔ አንብቤዋለሁ። ማህተም ከመታሁ በኋላ አስራ አንዱንም ገጽ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን እዚያው ጥግ ተቀምጬ “ስለ እንጨት አይደለም” የምትል ሦስት ቃል አፌ ላይ ነበረች። ቃለ ጉባኤ ያዥ አትናገርም ብዬ ዋጥኳት። እነሱ ሲስቁ እኔም ፈገግ ብያለሁ። በየወሩ ተላለፈ እያልኩ ስጽፍም አውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ረቂቅ ደብተሬ ላይ አለ፤ ስብሰባ ላይ እየሰማሁ የምሞነጫጭርበት። ሰብሳቢው ንጹሁ ከተገለበጠ በኋላ የምጥለው ይመስለዋል። አንዱንም ጥዬ አላውቅም። ሁሉም ቤት ቁም ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ጋሼህ ያውቃል፤ መሳቢያውን ለደብተሮቹ ብሎ የሠራው እሱ ነው። እስካሁን አልነካቸውም። አንብቢ አላለኝም፣ አቃጥይም አላለኝም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ሲያወጣ ወደታች ያያል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ይሄዳል።

ኮሚቴው ኅዳር 2 ጠርቶኛል። ምን እንደማደርግ አልነግርህም። አላውቅምና።

እህትህ


ጥቅምት 30

እትዬ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አልፈርድብሽም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ውሸት ነው፤ እየፈረድኩብሽ ነው። ቀን ሥራ ላይ እፈርድብሻለሁ፣ እራት ላይ እፈርድብሻለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ልብስ ያጠበችልኝ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ትምህርት ቤት እጄን ይዛ የወሰደችኝ እህቴ ናት እላለሁ። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

የእኔንም ልንገርሽ። ሪፖርቱን ሰጠሁሽ፣ ማህተም ተመታ፣ እኔም ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ዕቃዬን ጠቀለልኩ። እሷ አብሬህ አልሄድም ስላለችኝ ተናድጄ ነበር፤ ከተማዋን ቶሎ ለቅቄ መሄድ ፈለግኩ። ከመሄዴ በፊት ግን በዚያ ድልድይ ሁለት ጊዜ ተሻግሬያለሁ። ብረቱን እያወቅኩ። መዶሻ ነበረኝ፣ ሚስማርም ነበረኝ። መግቢያው ላይ ሁለት ጣውላ አጋድሜ ብመታ ኖሮ ሰው ይረግመኝ ነበር፤ ቢብስ ፖሊስ አንድ ቀን ያሳድረኝ ነበር። አላደረግኩትም። ወረቀት ስለጻፍኩ።

ባልሽ ቢታሰር ደስ አይለኝም። ባይታሰርም ደስ አይለኝም። አንብቢ አልልሽም፣ አታንብቢም አልልሽም። የሆነውን ግን ጻፊልኝ። መጻፉን ታውቂበታለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድሜ፣

አነበብኩት።

ደብተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ጋሼህ ከጎኔ ነበር የሚሄደው። ምን እንደያዝኩ አይቷል። ጭቃ ያለበት ቦታ ስንደርስ እንደ ወትሮው ክንዴን ይዞ አሻገረኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ድረስ ቆሟል። የአዋላጇ እናት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የኮሚቴው ሴትዮ መዝገቡን ከፍተው “ይህ የአንቺ ጽሑፍ ነው?” አሉኝ። ነው አልኩ። “እውነት ነው?” አሉኝ። አይደለም አልኩ። ሰብሳቢው ሳል ያዘው። ማን አስጻፈኝ፣ የት፣ መቼ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ ደብተሩን አወጣሁና የሰኔ 11ን ከላይ እስከታች አነበብኩ። ወንበሮቹንም፣ ቀለሙንም፣ ምሳውንም። የጋሼህ ቃል ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አላየሁትም። ከሥሩ በቅንፍ “ተሳቀ” ብዬ ጽፌ ኖሯል። እሱንም አነበብኩት።

ያኔ የአዋላጇ እናት ከተቀመጡበት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ “ማነው የሳቀው?” አሉ።

የኮሚቴው ሴትዮ ዝም በሉ አላሏቸውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

“ሁሉም” አልኳቸው።

“አንቺስ?”

“እኔም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ።  ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ከዚያ ጋሼህ ተነሳ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። “ቃሉ የእኔ ነው” አለ። “እሷ ልክ ነው የጻፈችው። እኔ እንጨቱን አየሁ እንጂ ብረቱን አላየሁም። ወረቀቱንም አላነበብኩም። ልጁ ነግሮን ነበር።” ልጁ ያለው አንተን ነው። ተቀመጠ። 

አንተን የሚመለከተው ነገር በዚያው ቀን ተሰርዟል፤ ደብዳቤ ይደርስሃል። ሰብሳቢውና ጋሼህ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። እኔም ሐሰተኛ ሰነድ በመጻፍ እቀርባለሁ። ከሥራ ታግጃለሁ። ቁልፌን ሳስረክብ ዘበኛው አዝኖ ሻይ ገዛልኝ።

ቤት ስንገባ ጋሼህ ጫማውን አውልቆ ጭቃውን አራገፈ። ከዚያ “ስታነቢ ድምፅሽ ምንም አልተንቀጠቀጠም” አለኝ።

“የለመድኩት ሥራ ነው” አልኩት።

“እሱስ” አለ። ከዚያ ምሳ በላን።

እንዴት አብራችሁ ትኖራላችሁ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። እንደ ድሮው ነው። እሱ ውሃ ይቀዳል፣ እኔ እጠርጋለሁ። የሚጎድል ነገር ካለ ገና አላገኘነውም፤ ወይም አልፈለግነውም።

እህትህ


ግንቦት 8

ወንድሜ፣

ፍርዱን ከጋዜጣ እንዳነበብከው ነው። ሰብሳቢው ሦስት ዓመት፣ ጋሼህ አንድ ዓመት ከመንፈቅ። የእኔ በገደብ ሆነ። ስለ ወህኒ ቤቱ ለጠየቅከው፣ እሑድ እሑድ መጠየቅ ይቻላል። የእንጨት ሥራ ክፍል አለ፤ እዚያ አስገብተውታል። ጸጉሩን ስለላጩት ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታየኝ። ስለ አንተ አይጠይቅም፤ ደብዳቤ መጣ ስለው ግን እጁ የያዘውን ያስቀምጣል።

ሥራ ፈትተሽ ቀኑን በምን ታሳልፊዋለሽ ላልከኝ፣ እንዳትስቅብኝ፣ ስብሰባ እሄዳለሁ። ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር አለ። ማንም የሚቀመጥበት ስለሌለ አቧራውን እኔ ጠርጌ እቀመጣለሁ። “አቶ ሥነ ሥርዓት” ሰብሳቢ ሆኗል። እሱም ያን ቀን ስቋል፤ ማንም ግን በሳቅ አይታሰርም። አዲሷ ቃለ ጉባኤ ያዥ ልጅ እግር ናት፣ በኮምፒውተር ነው የምትጽፈው። የምሰማው ጠቅ ጠቅ የሚለውን ነው። እሑድ ደግሞ የሰማሁትን ለጋሼህ አወራለታለሁ፤ እሱ ነው የጠየቀኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

የዛሬ ሳምንት አራተኛው አጀንዳ የጤና ጣቢያው ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቱን አነሳና “ክፍት የሥራ መደብ ስለማሟላት። አዋላጅ፣ አንድ” ብሎ አነበበ። ማስታወቂያ ይውጣ ተባለ። ሁሉም እጅ አወጣ። ልጅቷ ጻፈች። ወደ አምስተኛው ሊሄዱ ነው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጉልበቴን እንኳ አላመመኝም።

“መደቡ እንዴት ክፍት እንደሆነ ይጻፍ” አልኩ።

“ሥነ ሥርዓት!” አለ ሰብሳቢው። “ታዛቢ አይናገርም።”

“አውቃለሁ” አልኩት። “ይጻፍ።”

አልተቀመጥኩም። የሚያስወጣኝ ዘበኛ ተጠራ፣ መጣ፣ ከጎኔ ቆመ። አልነካኝም። ልጅቷ ጣቶቿን አንስታ አንዴ እኔን አንዴ ሰብሳቢውን ታያለች። አባላቱ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ በዕድሜዬ ያልቆጠርኩት ስብሰባ ይህ አንድ ብቻ ነው።

“ይጻፍ” አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። ድምፁ ቀጭን ነበር። “ምን ተብሎ ይጻፍ?” አለች ልጅቷ። የሚመልስላት ስላልነበረ እኔ መለስኩላት። ቀስ ብዬ፣ እንድትደርስብኝ።

እሑድ ለጋሼህ እስከ ሦስተኛው አጀንዳ ድረስ አወራሁለት። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ዓይኑን ገለጠ።

“አራተኛውስ?” አለ።

ነገርኩት። መቆሜንም፣ ዘበኛውንም።

“ጻፈችው?”

“ጻፈችው።”

“ምን ብላ?”

“‘ምክር ቤቱ ሪፖርት ደርሶት ሳያነብ ባስተላለፈው ድልድይ ላይ የቀድሞዋ አዋላጅ ስለሞተች መደቡ ክፍት ሆኗል።’”

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ደገመው። ከዚያ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ጣቶቹ መሃል ሰጋቱራ አለ። በመሃላችን ያለው አጥር እጅ አያሳልፍም። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፣ ወንድሜ። ይህን ያህል ወር ቆይቶ፣ ጠያቂው ሁሉ እያየኝ፣ በአፍንጫዬ በዓይኔ። ሰዓት አለቀ ሲሉ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ጠባቂው አምስት ደቂቃ ጨመረልን።

ሲነሳ “ለልጁ ንገሪው” አለኝ። ምን ብዬ ብለው “የተጻፈውን” አለ።

ይኸው ነገርኩህ። ልምጣ ወይ ብለህ ለጠየቅከው ደግሞ፣ አልጋህ ተነጥፏል። እሱን እንድታይልኝ አይደለም፤ ያን እንደ ልብህ አድርግ። እኔን ብቻ ናና እየኝ።

እህትህ